ትንፋሽና ጉልበት፦ ብረት ሲያነሱ፣ በዙሮች መካከልና ሲሮጡ እንዴት እንደሚተነፍሱ

ስኳት የሚሠራ ሰው ብረቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ይወርድና ሲነሳ መሃል ላይ ይቆምበታል። ጭኑ ገና አልደከመም። የታጠፈው ወገቡ ነው፤ ዳሌው ብቻውን ወደ ላይ ይሄዳል፣ ደረቱ ወደ ፊት ይደፋል፣ ብረቱ ባለበት ይቀራል። ጠጋ ብሎ ላስተዋለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አፉ ላይ ይታያል፦ ገና ወደ ታች ሲወርድ ከንፈሩ ተከፍቶ ትንፋሹ ሾልኳል። ከትንፋሹ ጋር የሆዱ ጥንካሬም ወጥቷል፤ እግሩ የሚገፋው ጉልበት ብረቱ ጋ ሳይደርስ ወገቡ ላይ ባክኖ ቀርቷል።

ስለ ትንፋሽ ሲነሳ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ኦክስጅን ነው። ለአጭርና ለከባድ ሥራ ግን ዋናው ጉዳይ ኦክስጅን አይደለም። አሥር ሰከንድ የማይሞላ፣ ሙሉ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ በአብዛኛው የሚሠራው ጡንቻው ውስጥ አስቀድሞ በተቀመጠ ኤቲፒና ክሬቲን ፎስፌት በሚባል ዝግጁ ነዳጅ ነው። በዚያች ቅጽበት የሳቡት አየር ለዚያችው ማንሳት ነዳጅ ሆኖ አይደርስም። የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፦ ከደረት እስከ ዳሌ ያለውን አካል አደንድኖ አከርካሪን ይደግፋል። ኦክስጅን ተራው የሚደርሰው በዙሮች (ሳያርፉ በተከታታይ በሚሠሩ ድግግሞሾች) መካከል ባለው ዕረፍትና እንደ ሩጫ ባለ ረጅም ሥራ ላይ ነው። ሁለቱ ሥራዎች የሚፈልጉት አተነፋፈስ ለየቅል ነው፤ ከዚህ በታች የምናያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት አንዱን በሌላው ቦታ ከመጠቀም ነው።

ሆድ ውስጥ ምን ይከናወናል

ድያፍራም ከሳንባ በታች እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ደረትን ከሆድ የሚለይ ጡንቻ ነው። በዕረፍት ላይ አየር ስናስገባ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ በጣም በጥልቀት ስንተነፍስ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሊወርድ ይችላል። ሲወርድ ከሥሩ ያሉትን ጉበት፣ ጨጓራና አንጀት ይጫናቸዋል። እነዚህ አካላት እንደ ውሃ ስለሆኑ ተጨምቀው አያንሱም፤ ቦታ ፍለጋ ወደ ፊት፣ ወደ ጎንና ወደ ታች ይገፋሉ። የሆድ ጡንቻዎች ከላሉ ሆድ ይነፋል፣ ነገሩ በዚያ ያበቃል። ጡንቻዎቹ ዙሪያውን አጥብቀው ከያዙ ግን መሄጃ ያጣው ግፊት ሆድ ውስጥ ይከማችና አከርካሪን ከፊት በኩል ይደግፋል።

ክዳኑ የተዘጋ የላስቲክ ጠርሙስ ከላይ ቢጫኑት ይሸከማል፤ ክዳኑን ከፍተው ቢጫኑት ይጨረማመታል። ላስቲኩ ያው ላስቲክ ነው፤ ልዩነቱ ውስጡ የታሰረው አየር ነው። የሆዳችን ክዳን ድያፍራም ነው። ወለሉ በዳሌ አጥንቶች መካከል ተወጥሮ ፊኛንና አንጀትን የሚይዘው ጡንቻ ነው። ግድግዳው ደግሞ እንደ መቀነት ወገብን የሚዞረው ጥልቁ የሆድ ጡንቻና አከርካሪን ተከትለው የሚሄዱት ትንንሽ የጀርባ ጡንቻዎች ናቸው። ከአራቱ አንዱ ከላላ ግፊቱ በዚያ በኩል ይወጣል።

ሌላው ውጤት ጡንቻው ራሱ ላይ የሚታይ ነው። ጉልበት በመሣሪያ ሲለካ ሰው አየር እያስገባ ባለበት ጊዜ የሚያወጣው ኃይል በአመዛኙ ዝቅ ይላል፤ በኃይል እያስወጣ ወይም ይዞ ሲገፋ ከፍ ይላል። ልዩነቱ በሁሉም ጡንቻና በሁሉም ሰው ላይ እኩል አይደለም። ስለዚህ በራስዎ ላይ ቢያዩት ይሻላል። ሰው የሚቆምበት ባለ መርፌ ሚዛን ካገኙ የሚከተለውን ይሞክሩ።

1. ሚዛኑን በሁለት መዳፍዎ መካከል በደረትዎ ልክ ይያዙ። ክንድዎ ከክርን 90 ዲግሪ ታጥፎ ይቁም። ቁጥሩን የሚያነብልዎ ሰው ፊት ለፊትዎ ይሁን።
2. ቀስ ብለው አየር እያስገቡ ለ3 ሰከንድ ባለዎት አቅም ይጨምቁ። ከፍተኛውን ቁጥር ይመዝግቡ፤ አንድ ደቂቃ ይረፉ።
3. በጥርስዎ መካከል «ስስስ» እያሉ በኃይል እያስወጡ እንዲሁ ይጨምቁ። ይመዝግቡ፤ ይረፉ።
4. አየር አስገብተው ሆድዎን አጠንክረው ይዘው ይጨምቁ። የደም ግፊት ካለብዎ ይህን ተራ ይለፉት።
5. እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ያድርጉ፤ ድካም ውጤቱን እንዳያዛባው ቅደም ተከተሉን በየዙሩ ይቀያይሩ።

ሚዛኑ የሚያሳየው የደረትና የክንድ ጉልበትን ብቻ ነው። በስኳትና በዴድሊፍት (ብረትን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም) ላይ ወገብ ስለሚጨመርበት የትንፋሽ ድርሻ ከዚህም ይሰፋል።

መጀመሪያ መሬት ላይ

ብረት ሥር ገብቶ መተንፈስን መማር አይቻልም። ከባድ ነገር ሲጫነን ሰውነት የለመደውን ነው የሚያደርገው፤ የለመደው ደግሞ ትከሻን ወደ ላይ እያነሳ በደረት መተንፈስ ከሆነ እሱን ነው የሚደግመው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያለ ክብደት ይሁኑ። በቀን 5 ደቂቃ ይበቃል።

በጀርባዎ ይተኙና እግርዎን ወንበር ላይ ይስቀሉ፤ ዳሌዎና ጉልበትዎ 90 ዲግሪ ይታጠፉ። አንድ እጅ ደረት ላይ፣ አንድ እጅ እምብርት ላይ ያድርጉ። በአፍንጫ 4 ሰከንድ ያስገቡ፣ ከንፈርዎን ጠበብ አድርገው 6 ሰከንድ ያስወጡ። ሆድ ላይ ያለው እጅ ቀድሞ መነሳት አለበት፤ ደረት ላይ ያለው መጨረሻ ላይ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ችግር የለውም። ማስወጣቱን አይቁረጡት። የታችኛው የጎድን አጥንት ወደ ውስጥና ወደ ታች ሲሰበሰብ እስኪሰማዎ ድረስ ያስወጡ፤ የሚቀጥለው ትንፋሽ በጥልቀት የሚገባው የፊተኛው በደንብ ሲወጣ ነው።

ይህ ከቀለለዎ በሆድዎ ተኝተው ግንባርዎን በእጆችዎ ጀርባ ላይ ያሳርፉ። አሁን ሆድ ወደ ፊት መሄጃ የለውም፤ ወለሉ ይከለክለዋል። አየሩ ወደ ጎንና ወደ ታችኛው ጀርባ ለመሄድ ይገደዳል። የሚፈለገውም እሱ ነው። «በሆድ ተንፍስ» የሚለው የተለመደ ምክር ብዙ ሰው ሆዱን ወደ ፊት ብቻ እንዲነፋ አድርጎታል። ወደ ፊት ብቻ የተነፋ ሆድ ወገብን አይደግፍም። ጎንና ጀርባው አብረው መሙላት አለባቸው።

ቀጥሎ ይቁሙ። አውራ ጣቶችዎን ከጀርባ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከፊት አድርገው ወገብዎን ከጎድን አጥንት በታች፣ ከዳሌ አጥንት በላይ ባለው ለስላሳ ቦታ ይያዙ። ሲያስገቡ አውራ ጣቶችዎም ሌሎቹ ጣቶችም እኩል መገፋት አለባቸው። አውራ ጣቶችዎ ካልተገፉ ወደ መሬቱ ልምምድ ይመለሱ። ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ ከተነሳም እንዲሁ።

ሆድን ማጠንከር

ትንፋሽ ብቻውን ጠርሙሱን አይዘጋውም፤ ግድግዳው መጥበቅ አለበት። እጆችዎን እንደያዙ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ይሳሉ። ጣቶችዎ ሥር በድንገት የደነደነው ጡንቻ ነው የሚፈለገው። አሁን ሳይስሉ ያንኑ ጥንካሬ ያምጡት፦ አየር ያስገቡ፣ ከዚያ አንድ ሰው ከጎን በጣቱ ሊወጋዎ ነው እንበል፣ ሆድዎን ለዚያ ያዘጋጁት። ጣቶችዎ ወደ ውጭ እንደተገፉ ይቆዩ።

ሆድን ወደ ውስጥ መሳብ ከዚህ ጋር የሚምታታ ነገር ነው። እምብርትን ወደ አከርካሪ ሲስቡ መደገፊያው ይጠባል። ትንሽ መሠረት ላይ የቆመ ምሰሶ በቀላሉ ያዘነብላል፤ ወገብም እንደዚያው ነው።

መጠኑንም ይለማመዱ። ሙሉ አቅምዎን 10 ብለን ብንወስድ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ) ወይም የእጅ ቦርሳ መሸከም 3፣ ፑሽ አፕ 4፣ መካከለኛ ስኳት 6፣ ከባድ ስኳት 9 ይሆናል። ሁሉንም ነገር በ10 የሚሠራ ሰው ቶሎ ይደክማል። በ3 እና በ9 መካከል ያለውን ልዩነት ሰውነትዎ እስኪለየው ድረስ ቆመው ይለማመዱት፤ 5 ሰከንድ ይያዙ፣ ይልቀቁ፣ 10 ጊዜ ይድገሙ።

ለቀላልና ለመካከለኛ ክብደት

ሳያቋርጡ 10 ጊዜና ከዚያ በላይ ሊያነሱት ለሚችሉት ክብደት ደንቡ አጭር ነው፦ በሚከብደው አቅጣጫ ያስወጡ፣ በሚቀለው ያስገቡ። ፑሽ አፕ ላይ ሲወርዱ ያስገባሉ፣ ከመሬት ሲገፉ ያስወጣሉ። ፑል አፕ ላይ ተንጠልጥለው ያስገባሉ፣ ወደ ላይ ሲወጡ ያስወጣሉ። ብረት ወደ ሆድ በሚሳብበት እንቅስቃሴ ሲስቡ ያስወጣሉ።

ማስወጣት ማለት ግን በአንዴ «ሁፍ» ብሎ ባዶ መሆን አይደለም። መንገዱ ጠባብ ይሁን፤ በጥርስ መካከል ወይም ሻማ ለማጥፋት በሚሰበሰብ ከንፈር። ጠባቡ መንገድ ትንፋሹን ያዘገየዋል፣ የሆድ ጡንቻም እንደተወጠረ ይቆያል። ትንፋሹ እንቅስቃሴው ከማለቁ በፊት ካለቀብዎ ወይ ቀድመው ጀምረዋል ወይ መንገዱ ሰፍቷል።

ለከባድ ክብደት፦ ይዞ መግፋት

ክብደቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሱት ከሚችሉት 80 በመቶ ሲደርስና ሲያልፍ ሰው ሳያስበው ትንፋሹን ይይዛል። ማንም አያስተምረውም፤ ከባድ ሳጥን የሚያነሳ ሁሉ ያደርገዋል። ጉሮሮን ዘግቶ ለማስወጣት መታገል ቫልሳልቫ ይባላል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1704 ስለ ጆሮ በጻፈው ሥራ ድርጊቱን ከገለጸው ጣሊያናዊ የአናቶሚ ሊቅ ከአንቶኒዮ ማሪያ ቫልሳልቫ ነው። እሱ የተጠቀመበት የመሃል ጆሮን በአየር ለመክፈት ነበር።

ዘዴው ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ ጥናት ሁለቱንም እግር በሚያስገፋው የሌግ ፕሬስ ማሽን ላይ በከባድ ክብደት የሠሩ ሰውነት ገንቢዎች የደም ግፊት፣ ክንዳቸው የደም ቧንቧ ውስጥ በገባ መለኪያ ሲታይ፣ በአማካይ ወደ 320 በ250 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወጥቷል። በዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ሰው 120 በ80 ገደማ ነው። ጭማሪው የመጣው በትንፋሽ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ የተኮማተረ ትልቅ ጡንቻ ደም ሥሮችን ይጫናል። ትንፋሽ መያዝ ግን ይጨምርበታል። ስለዚህ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ የደም ሥር መለጠጥ፣ ግላኮማ (የዓይን ውስጥ ግፊት ሕመም)፣ ቡአ ወይም የማህፀን መውረድ ያለበት፣ በቅርቡ ዓይኑ ወይም ሆዱ ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ይህን ክፍል ይዝለሉ፤ ቀደም ሲል ባለው ደንብ፣ በቀለለ ክብደትና እያስወጡ ይሥሩ። ሐኪም ካየው በኋላ የሚለወጥ ነገር ካለ እሱ ይወስን።

ጤነኛ ሆነው ከባድ ስኳት ለመሥራት፦

1. ብረቱን ከማንሻው (ብረቱ ከሚያርፍበት ቋሚ) ሳያወጡ አንድ መካከለኛ ትንፋሽ አስገብተው ሆድዎን ያጠንክሩ። ብረቱን አውጥቶ ወደ ኋላ መራመድም ክብደት መሸከም ነው፤ ላልተው አይውጡ።
2. ቦታዎን ይዘው ሲቆሙ ያንን ያስወጡ፤ የታችኛው የጎድን አጥንት ወደ ዳሌ ይውረድ።
3. አሁን ዋናውን ትንፋሽ ያስገቡ፤ ከሚችሉት ሦስት አራተኛ ገደማ። እስከ ጥግ የተሞላ ደረት ወደ ላይ ተነስቶ ጎድንን ይከፍታል፣ የታችኛው ጀርባም ይሰረጉዳል፤ ያኔ ክዳኑ ከወለሉ ጋር ፊት ለፊት አይሆንም።
4. ጉሮሮዎን ይዝጉ፣ ሆድዎን ዙሪያውን ወደ ውጭ ይግፉ። ይህ ግማሽ ሰከንድ የሚወስድ ነገር ነው፤ አይዝለሉት። ብዙዎች አየር እያስገቡ መውረድ ይጀምራሉ።
5. ይዘው ይውረዱ፣ ይዘው መነሳት ይጀምሩ።
6. በጣም የሚከብደውን ቦታ ካለፉ በኋላ፣ ማለትም ጭንዎ ከአግድም መስመር ላቅ ሲል፣ በጥርስዎ መካከል «ትስስ» እያሉ በጥቂቱ መልቀቅ ይጀምሩ።
7. ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ የቀረውን ያስወጡ፣ ለሚቀጥለው ድግግሞሽ እንደገና ያስገቡና ያጠንክሩ።

ትንፋሽ የሚያዝበት ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይሁን። በአንድ ትንፋሽ ሦስት ድግግሞሽ መሥራት የመሳት አደጋ የሚመጣበት መንገድ ነው። ደረት ውስጥ ያለው ግፊት ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ያግዳል፤ ልብ የሚረጨው ደም በየሰከንዱ እያነሰ ይሄዳል። ከዚያ በአንዴ ሲለቀቅ የደም ግፊት ለጥቂት ሰከንዶች ዝቅ ይላል፤ ዓይን የሚጨልመው ያኔ ነው። ብረቱ ገና ትከሻ ላይ ከሆነ ውጤቱ ይታወቃል። ስለዚህ የመጨረሻውን ድግግሞሽ እንደጨረሱ ባዶ ሆነው ወደ ማንሻው አይሮጡ፤ አንድ ጊዜ ተንፍሰው፣ ሆድ ጠንክሮ፣ ብረቱን ይመልሱ።

ወገብ ላይ የሚታሰረው ቀበቶ ሆድ የሚገፋበት ግድግዳ ነው። ራሱ አይደግፍም፤ የሚገፋው ነገር ከሌለ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። አንድ ጣት እስኪገባ ድረስ ያስሩትና ትንፋሽዎን ወደሱ ይግፉ፣ ከጀርባም ጭምር። ያለ ቀበቶ ማጠንከር ያልተማረ ሰው በቀበቶም አይማርም፤ ለከባዶቹ ዙሮች ብቻ ያቆዩት።

በየእንቅስቃሴው የሚለየው

ዴድሊፍት ላይ ችግሩ ቦታው ነው። አጎንብሰው ብረቱን ሲይዙ ጭንዎ ሆድዎን ስለሚጫን ድያፍራም መውረጃ ያጣል፤ እዚያ ሆነው የሚያስገቡት ትንፋሽ ግማሽ ነው። ቀጥ ብለው ቆመው ያስገቡ፣ ያጠንክሩ፣ ይዘው ይጎንበሱ፣ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ይያዙና ይሳቡ። ያ የሚያስጨንቅዎ ከሆነ መጀመሪያ ብረቱን ይያዙና ክንድዎ ቀጥ እስኪል ዳሌዎን ከፍ አድርገው ያስገቡ፤ ከዚያ ዳሌዎን ወደ ቦታው ይመልሱ። ላይ ሲደርሱ ሙሉ በሙሉ አያስወጡ፤ ብረቱ ገና እጅዎ ላይ ነው። መሬት ሲነካ ያስወጡና ለሚቀጥለው እንደ አዲስ ይዘጋጁ።

ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረትን ከደረት ወደ ላይ መግፋት) ላይ ትንፋሽ ሌላም ጥቅም አለው፦ የሞላ ደረት ከፍ ስለሚል ብረቱ የሚጓዘው ርቀት ያጥራል፣ ትከሻም የተደላደለ መቀመጫ ያገኛል። ክንድዎ ቀጥ ብሎ ሳለ ያስገቡ፣ ይዘው ያውርዱ፣ ከግማሽ በላይ ሲገፉ ይልቀቁ። ብረቱ ደረት ላይ ሳለ ቢያስወጡ ደረትዎ ይሰምጣል፣ ብረቱም ከነበረበት ዝቅ ብሎ መንገዱን ይቀይራል።

ብረት ከራስ በላይ ሲገፋ የሚበላሸው የጎድን አጥንት ነው። ክንድ ወደ ላይ ሲሄድ ጎድን ይከፈታል፣ ወገብ ይሰረጉዳል። መቀመጫዎን ጨምቀው፣ አስቀድመው ትንሽ አስወጥተው ጎድንን ካወረዱ በኋላ ያስገቡ። ጀማሪ ከሆኑ ብረቱ ትከሻ ላይ ሲመለስ ይተንፍሱ፤ ላይ ሆኖ መተንፈስ በኋላ ይመጣል።

ፕላንክ የተለየ ነው፤ እዚያ መያዝ ስህተት ነው። ሆድ ጠንክሮ ሳለ ትንፋሽ ሲመላለስ መቻል ራሱ ልምምዱ ነው። 30 ሰከንድ ውስጥ ከ6 እስከ 8 ትንፋሽ ይኑርዎት። መናገር ካልቻሉ ይዘዋል ማለት ነው።

በዙሮች መካከል

ከከባድ ዙር በኋላ ጡንቻው ውስጥ ያለቀው ክሬቲን ፎስፌት የሚመለሰው በኦክስጅን ነው፤ ግማሽ ገደማው በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች፣ አብዛኛው በ3 ደቂቃ ውስጥ። እዚህ ላይ ነው ጥልቅ ትንፋሽ ለቀጣዩ ዙር ጉልበት የሚሆነው።

አጭርና ፈጣን ትንፋሽ የሚያባክነውን በቁጥር ማየት ይቻላል። ከሚያስገቡት እያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ 150 ሚሊ ሊትር የሚሆነው በአየር ቧንቧ ውስጥ ይቀራል፤ ኦክስጅኑ ከደም ጋር አይገናኝም። በደቂቃ 20 ጊዜ 300 ሚሊ ሊትር ቢያስገቡ 6 ሊትር ነው፣ ሥራ ላይ የሚውለው ግን 3 ሊትር ብቻ። በደቂቃ 10 ጊዜ 600 ቢያስገቡ ያው 6 ሊትር ነው፤ ሥራ ላይ የሚውለው 4.5 ሊትር ይሆናል። ከዙር በኋላ የሚያስገቡት መጠን ከዚህ ብዙ ቢበልጥም ሒሳቡ አይለወጥም።

ብረቱን መልሰው የመጀመሪያዎቹን 20 ሰከንዶች ሰውነት እንደፈለገ ይተንፍስ፤ አያፍኑት። ቀጥሎ ቆመው እጅዎን ጉልበትዎ ላይ ተደግፈው በአፍንጫ 3፣ በአፍ 5 እየቆጠሩ ያስረዝሙት። ጎንበስ ብሎ መደገፍ ትከሻን ያሳርፋል፣ ጎድንም በቀላሉ ይንቀሳቀሳል። ትንፋሽዎ በአፍንጫ ብቻ መመላለስ ሲችል ለሚቀጥለው ዙር ቀርበዋል።

ከዙር በፊት በፍጥነትና በኃይል 20፣ 30 ጊዜ እየተነፈሱ «ኦክስጅን መጫን» የሚባለውን ይተዉት። የጤነኛ ሰው ደም በዕረፍት ላይ ከ95 እስከ 100 በመቶ በኦክስጅን የተሞላ ስለሆነ የሚጨመርበት ቦታ የለም። የሚቀንሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እሱ ሲቀንስ ወደ አንጎል የሚሄዱ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢንም ኦክስጅኑን አጥብቆ ይይዛል። ጣት መደንዘዝ፣ ከንፈር መንዘር፣ ራስ መቅለል ይከተላል። ውሃ ውስጥ ከመጥለቅ በፊት ይህን ማድረግ ሕይወት ይቀጥፋል፤ ሰውየው አየር ሳይርበው ራሱን ይስታል።

ሲሮጡ

ሩጫ ላይ ይዞ መግፋት የለም፤ ምት ነው የሚፈለገው። እ.ኤ.አ. በ1983 ተመራማሪዎቹ ብራምብልና ካሪየር ባሳተሙት ጥናት ሯጮች እግራቸውንና ትንፋሻቸውን በተለያየ ምት እንደሚያጣምሩና በብዛት የሚታየው በአራት እርምጃ አንድ ሙሉ ትንፋሽ መሆኑን አሳይተዋል፤ ሁለት እርምጃ ሲያስገቡ፣ ሁለት ሲያስወጡ። በደቂቃ 160 እርምጃ የሚሮጥ ሰው በዚህ ምት 40 ጊዜ ይተነፍሳል። ለዝግተኛ ሩጫ ሦስት ለሦስት ይሻላል፤ ቁጥሩ ወደ 27 ይወርዳል። ሦስት አስገብቶ ሁለት ማስወጣትም አለ፤ የማስወጣቱ መጀመሪያ በግራና በቀኝ እግር ላይ ይቀያየራል።

ጎን ሲወጋዎ ፍጥነት ይቀንሱ፣ የሚወጋውን ቦታ በጣትዎ ተጭነው ትንሽ ጎንበስ ይበሉ፣ ማስወጣቱን ያስረዝሙ። ተደጋግሞ የሚመጣ ከሆነ ከሩጫ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት የሚበሉትንና የሚጠጡትን ይቀንሱ።

እጅግ ከባድ በሆነ ረጅም ሥራ ላይ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ራሳቸው ልብ ከሚረጨው ደም እስከ 15 በመቶ ገደማ ይወስዳሉ። ሲደክሙ የነርቭ ሥርዓቱ ወደ እግር የሚሄዱ ደም ሥሮችን ያጠባል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካው ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ብስክሌተኞች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ይህንን ሽሚያ በግልጽ አሳይተዋል። እግር የደከመ የሚመስለው አንዳንዴ ድያፍራም ስለደከመ ነው። ድያፍራም እንደማንኛውም ጡንቻ ይሠለጥናል፦ አየር ሲያስገቡ የሚቋቋም መሣሪያ ይገዛል፣ ከከፍተኛ አቅምዎ ግማሽ ላይ ይስተካከላል፣ በአንድ ጊዜ 30 ትንፋሽ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። ሳንባው ዙሪያ አየር ገብቶበት የሚያውቅ ወይም የጆሮ ታምቡሩ የተቀደደ ሰው አይጠቀምበት።

ሲበላሽ ምን ይመስላል

አንገት ላይ ያሉ ጅማቶች በየትንፋሹ ከተገተሩ በደረት ነው የሚተነፍሱት። ክብደቱን በግማሽ ይቀንሱና ከእያንዳንዱ ዙር በፊት በሆድዎ ተኝተው 5 ትንፋሽ ይውሰዱ። ሆድዎ ጠንክሮም ወገብዎ ከታጠፈ ጎንዎን በስልክ አስቀርጸው ይዩ፦ ጎድንዎ ወደ ላይ ከተከፈተ ክዳኑ ተጣሟል፤ ከማስገባትዎ በፊት ያስወጡ። ጉሮሮዎ ከታነቀና ፊትዎ ከቀላ ደግሞ ግፊቱ ወደ ሆድ ሳይሆን ወደ ራስ ሄዷል። ጥርስዎን አይንከሱ፣ ጉንጭዎን አይንፉ፤ አፍ ውስጥ ያለ አየር ወገብን አይደግፍም።

ሲያነሱ ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች፣ በተለይ ከወሊድ በኋላ፣ ጉዳዩን ችለው ይኖራሉ። ወለሉ ግፊቱን አልቻለም ማለት ነው፤ ችለው መኖር የለባቸውም። ክብደቱን ማቅለል፣ በሚከብደው ቦታ ላይ ከመያዝ ይልቅ ማስወጣት፣ ማስወጣት ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ሽንትን እንደሚያቋርጡ አድርጎ የታችኛውን ጡንቻ ወደ ላይ መሳብ ብዙ ጊዜ ያሻሽለዋል። በጥቂት ሳምንታት ካልተሻሻለ የዳሌ ወለል ላይ የሚሠራ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ይሂዱ።

በማንሳት መሃል እንደ መብረቅ በድንገት የሚመታ ከባድ የራስ ምታት ከተነሳ፣ የደረት ሕመም ከመጣ፣ እይታ ከደበዘዘና ካልተመለሰ ወይም ራስዎን ከሳቱ በዚያ ቀን ሌላ ዙር የለም። ብረቱን አስቀምጠው ወዲያው ወደ ሕክምና ይሂዱ፤ ከባድ ክብደትም ይዞ መግፋትም ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ ይቁሙ።